የባላምባራስ ፀሐይ

እናቴ ከደሴ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የገባች ዕለት ሻንጣዋን ሳትፈታ ቤቱን ዞራ አየች። ወጥ ቤቱን፣ መኝታ ቤቱን፣ የልብስ ማጠቢያውን ሳይቀር መረቀች። ሳሎኑ ጥግ፣ መስኮቱ ሥር ካለው የመስታወት ሣጥን ዘንድ ስትደርስ ግን ምርቃቱ ተቋረጠ። ሣጥኑ ውስጥ አሸዋ ፈሷል፤ አሸዋው ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ያለው ድንጋይ ተቀምጧል፤ ድንጋዩ ላይ ክንድ የሚያህል እሾሃም እንሽላሊት ተለጥፏል።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የልጅ ልጅሽ እንስሳ ነው፣ እማዬ።»

«እንሽላሊት? በቤት? ደግሞ መብራት በርቶለት?»

እኔ ባደግሁበት ሰፈር እንሽላሊት በመጥረጊያ የሚባረር ነገር ነው። «አውጡልኝ» ትላለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እናቴ ግን ወሎ ውስጥ 30 ዓመት ያህል በጤና ረዳትነት ያገለገለች ሴት ናት። ጎንበስ ብላ፣ መነጽሯን አስተካክላ፣ ረጅም ጊዜ አየችው።

«የኋላ እግሩ ለምን ይንቀጠቀጣል?»

አይቼው ነበር። ደስ ሲለው የሚያደርገው መስሎኝ ነበር።

«ፀሐይ የት ነው የሚሞቀው?»

«ይኸው መስኮት ሥር አይደል ያስቀመጥነው። እስከ ቀትር ፀሐይ አይለየውም።»

«በመስታወት?»

ድምፁን አወቅሁት። ልጅ ሳለሁ በጤና ጣቢያው ግቢ ሕፃን ያቀፉ እናቶችን ስትቆጣ የምሰማው ድምፅ ነው። ልጅ ፀሐይ የሚሞቀው ልብሱ ወልቆ፣ ደጅ ወጥቶ ነው፤ በመስኮት የገባ ፀሐይ ያሞቃል እንጂ አጥንት አያጠነክርም ትላቸው ነበር። እኔንም እንደነሱ አየችኝና «ይህ እንስሳ ሪኬትስ ይዞታል» ብላ ሻንጣዋን ልትፈታ ሄደች።

እንሽላሊት የሚያክም ሐኪም ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሰፈራችን ያለው የእንስሳት ክሊኒክ ውሻና ድመት ብቻ ነው የሚያየው፤ 40 ደቂቃ ነድተን ሌላ ቦታ ወሰድነው። ሐኪሟ የታችኛውን መንጋጋ በጣቷ ጫን ስታደርገው እንደ ጎማ ጎበጠ። ራጅ አነሳችው። ደማቅ ነጭ ሆኖ መታየት የነበረበት የእግሩ አጥንት ከሥጋው ሳይለይ ጭጋግ መስሎ ወጣ። ምርመራው ያው የእናቴ ምርመራ ሆነ፤ ስሙ ብቻ ረዘመ፣ የእንስሳት ሐኪሞች የአጥንት ሜታቦሊክ በሽታ ይሉታል።

የበረሃ እንሽላሊት ለማሳደር የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቤቱን ነው፤ ሣጥን፣ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ለጌጥ ደግሞ የፕላስቲክ ቁልቋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የሚያስፈልገው ግን ፀሐይ ነው። ቤቱ ፀሐዩን መያዣ ዕቃ ነው፤ ልኩም፣ ቅርጹም፣ ወለሉም የሚወሰነው በፀሐዩ ነው። ይህን ያወቅሁት ከጥፋት በኋላ ስለሆነ፣ ሌላው ሰው ከጥፋት በፊት እንዲያውቀው ነው የምጽፈው።

እንስሳው ወደ እኛ የመጣው በነፃ ነው። የልጄ የትምህርት ቤት ጓደኛ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ሲዛወሩ ከነሣጥኑ፣ ከነአሸዋው፣ ከነቀይ አምፖሉ ሰጡን። ዕድሜው አንድ ዓመት ግድም ነበር። አራት ስህተት በአንድ መኪና ተጭኖ ገባ፤ ጠባብ ሣጥን፣ የሚግል ድንጋይ፣ ቀይ መብራት፣ የአልትራቫዮሌት አምፖል አለመኖር። ሰዎቹን አልወቅስም፤ እነሱም ሲገዙ የተነገራቸውን ነው የያዙት።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቢርድድ ድራገን ይሉታል፣ ባለ ጢሙ ዘንዶ እንደማለት። የሳይንስ ስሙ ፖጎና ቪቲሴፕስ ነው፤ ፖጎን በግሪክ ጢም ነው። አገሩ የአውስትራሊያ መሃል ነው፤ ቀይ አፈር፣ ደረቅ ቁጥቋጦ፣ ዝናብ የማያዘወትረው ምድር። እዚያ ጉቶ ወይም የአጥር እንጨት ላይ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። አውስትራሊያ የዱር እንስሶቿን ለንግድ ወደ ውጭ መላክ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስለከለከለች፣ ዛሬ አሜሪካና አውሮፓ ሳሎን ውስጥ የሚገኙት በሰው እጅ የተፈለፈሉ ናቸው። የእኛው በረሃ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ሰውነቱ ግን ለበረሃ የተሰፋ ነው፤ ቨርጂኒያ ተወለድኩ ብሎ አይለወጥም።

ለእንሽላሊቱ የሚሆነው አዲስ ቤት እስኪሠራ ድረስ፣ ነሐሴ ስለነበር፣ እናቴ መላ አበጀች። ጠዋት ጠዋት በሽቦ የልብስ ቅርጫት አድርጋ በረንዳ ላይ ታወጣዋለች፤ የቅርጫቱን ግማሽ በነጠላዋ ታለብሰዋለች፤ ሲሞቀው ጥላው ውስጥ እንዲገባ። እሷ ቡናዋን ይዛ አጠገቡ ትቀመጣለች። የመስታወት ሣጥን እንደያዙ ደጅ ማውጣት ግን አደገኛ ነው፤ በፀሐይ ውስጥ መስታወት ምጣድ ይሆናል፣ እንስሳው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። አንገቱን ቀና፣ ጢሙን ነፋ አድርጎ ቅርጫቱ ውስጥ ሲንጎማለል አይታ «ባላምባራስ» አለችው። ልጄ ያወጣችለት የእንግሊዝኛ ስም ነበረው፤ ከዚያ ቀን በኋላ የጠራው የለም።

የበረንዳው ፀሐይ የሚሠራውን ሥራ ሐኪሟ ስታስረዳን እናቴ ራሷን እየነቀነቀች ነበር የምትሰማው። የፀሐይ ጨረር ውስጥ ዩቪቢ የሚባል ዓይን የማያየው ክፍል አለ። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ቆዳው ውስጥ ያለውን አንድ ንጥረ ነገር ለውጦ የቫይታሚን ዲ3ን መነሻ ይሠራል፤ ሥራውን የሚጨርሰው ደግሞ የሰውነት ሙቀት ነው። ቀጥሎ ጉበትና ኩላሊት ተራቸውን ሠርተው፣ አንጀት ከምግብ ካልሲየም እንዲወስድ ያደርጋሉ። ዩቪቢ ከሌለ እንስሳው የፈለገውን ያህል ካልሲየም ቢበላ አልፎት ይሄዳል። ደም ግን ያለ ካልሲየም አይኖርምና ከአጥንት እየሰረቀ ይከፍላል። መንጋጋው ጎማ የሆነው፣ እግሩ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ተራ የመስኮት መስታወት ሙቀቱንና ብርሃኑን ያሳልፋል፤ ዩቪቢውን ግን ከሞላ ጎደል ደጅ ያስቀረዋል። እንስሳው ብርሃን ውስጥ ተቀምጦ ይራባል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለራሴ አንድ ነገር ልናገር። ሆቴል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ቀን እተኛለሁ። በዚያው ዓመት የደም ምርመራ ሳደርግ ሐኪሜ ቫይታሚን ዲዬ ዝቅ ማለቱን ነግሮኝ ክኒን ጽፎልኝ ነበር። የእኔንም የእንሽላሊቱንም ወረቀት ፍሪጁ ላይ ጎን ለጎን የለጠፈችው እናቴ ናት።

ወደ ቤቱ ልመለስ። አንድ አናጺ ጓደኛዬን ይዤ ከኮምፔንሳቶ ሠራነው፤ ርዝመቱ 120፣ ጥልቀቱ 60፣ ከፍታው 60 ሳንቲሜትር። ከፊት ተንሸራታች መስታወት፣ ከጎንና ከጀርባ አየር ማስገቢያ። ውስጡን ውኃ የማያስገባ ቫርኒሽ ቀብተን፣ ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ሳምንት ባዶውን አስቀመጥነው። ለአንድ ትልቅ እንስሳ ከዚህ አይነስም። ብዙ ሰው «ይህን ለሚያክል እንሽላሊት ቁም ሣጥን ያህል ቤት?» ይላል። ያደገ ባለ ጢም ከነጅራቱ ከ40 እስከ 60 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ዋናው ምክንያት ግን ቁመቱ አይደለም። እንሽላሊት እንደኛ ሙቀት ከውስጡ አያመነጭም፤ ከደጅ ይበደራል። ሲበርደው ወደ ሙቀቱ፣ ሲሞቀው ወደ ጥላው እየሄደ ነው ልኩን የሚጠብቀው። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት አየር ያስፈልጋል፤ አንዱ ጫፍ ቀትር፣ ሌላው ጫፍ የዛፍ ጥላ። የተሰጠን የ75 ሊትር ሣጥን ውስጥ አንድ አምፖል ሲበራ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይግል ነበር። መሸሻ የሌለው ቤት እስር ቤት ነው።

የሙቀቱን ጫፍ የሚያሞቀው ከሃርድዌር ሱቅ የተገዛ ተራ ነጭ የሃሎጅን አምፖል ነው። ውድ የሆነውን፣ የእንሽላሊት ሥዕል ያለበትን አምፖል መግዛት ግድ አይደለም። ግድ የሚለው ቴርሞስታት ነው፤ ሙቀቱ ካለፈ አምፖሉን የሚያደበዝዝ። ከአምፖሉ ሥር ወፍራም ጉቶና አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ የድንጋዩ ላይኛ ፊት ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል። ወዲያኛው ጫፍ 25 ወይም 26 ነው። ሌሊት ሁሉም ይጠፋል፤ ሳሎናችን በክረምት ወደ 19 ዲግሪ ቢወርድም አይጎዳውም። በረሃም እኮ ሌሊት ይበርዳል።

መለኪያ ላይ ተታልያለሁ። የመጀመሪያው ሣጥን መስታወት ላይ ሰዓት የሚመስል ክብ ቴርሞሜትር ተለጥፎበት ነበር፤ ሁልጊዜ 32 ይላል። ሰውነቱ የሚያርፈው ግን መስታወቱ ላይ ሳይሆን ድንጋዩ ላይ ነው። እንደ ሽጉጥ እየጠቆሙ የሚለኩበትን የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ገዝቼ ያንን በኤሌክትሪክ የሚግል ድንጋይ ስለካው 51 ዲግሪ አለኝ። ሆዱን ገልብጠን ስናይ የደረቀ የቃጠሎ ጠባሳ አገኘን። እነዚህ እንስሳት ሙቀት ከላይ እንደሚመጣ ነው የሚያውቁት፣ ፀሐይ ከላይ ናትና፤ ከሆዳቸው ሥር የሚያቃጥላቸውን ነገር ቶሎ አይሸሹትም። ድንጋዩን የዚያኑ ዕለት ጣልኩት። ለሌላ ሰው እንኳ አልሰጠሁትም።

ቀዩ አምፖልም ተከተለው። «ቀይ ብርሃን አይታያቸውም፣ ሌሊት ቢበራ አይረብሻቸውም» ይባላል። ሐሰት ነው፤ ቀለም በደንብ የሚያዩ እንስሳት ናቸው። ሌሊት ጨለማ ይፈልጋሉ። በቀን ብርሃን ለመተኛት መጋረጃ ላይ መጋረጃ የሚደርብ ሰው እንደመሆኔ ይህን ለመረዳት አልተቸገርኩም።

የቤቱ ልብ ረጅሙ የዩቪቢ አምፖል ነው። ጠመዝማዛውን ትንሹን ሳይሆን ቲ5 የሚባለውን ቀጥ ያለ ፍሎረሰንት ነው የሚፈልጉት፤ የእኛው 12 በመቶ የሚል ተጽፎበታል፣ 60 ሳንቲሜትር ይረዝማል፣ የቤቱን ግማሽ ያህል ይሸፍናል። ከሃሎጅኑ ጎን፣ በዚያው በሙቀቱ በኩል ነው የተሰቀለው። ቅድም እንዳልኩት ቫይታሚኑን ጨረር ይጀምረዋል፣ ሙቀት ይጨርሰዋል፤ ሁለቱ አምፖሎች የተለያየ ጥግ ከተሰቀሉ እንስሳው ከሁለት አንዱን ያጣል። የእኛው ከጣሪያው ውስጠኛ በኩል ያለ ምንም መከለያ ተሰቅሎ፣ ባላምባራስ ጉቶው ላይ ሲወጣ ከጀርባው 35 ሳንቲሜትር ያህል ይርቃል። መከለያ ወንፊት ካለ ወንፊቱ የጨረሩን ሲሶ ያህል ሊበላው ስለሚችል መቅረብ አለበት፤ የየአምፖሉን ርቀት አብሮት የሚመጣው ወረቀት ይናገራል፣ ወረቀቱን አትጣሉት።

ይህ አምፖል አንድ ተንኮል አለው። ከአንድ ዓመት ግድም በኋላ ዩቪቢው ይደክማል፤ የሚታየው ብርሃን ግን እንደ ድሮው ቦግ ብሎ ይቀጥላል። ዓይንህ በርቷል ይልሃል፣ እንስሳው ጨለማ ውስጥ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ፣ ሳይቃጠል፣ መቀየር አለበት። ቤቱ ያለቀው ጳጉሜ 5 ቀን ነበርና እናቴ በላስቲክ ፕላስተር ላይ «እንቁጣጣሽ» ብላ ጽፋ አምፖሉ ጫፍ ላይ ለጠፈችው። «ሌላ ቀን ካላችሁት ትረሱታላችሁ» አለች።

ወለሉ ላይ ረጅም ጊዜ መቆየት አያስፈልግም። ሱቅ የሚሸጡትን የካልሲየም አሸዋ አትግዙ፤ እየላሰ ይውጠዋል፣ አንጀቱም ይዘጋል። አጥንቱ የደከመ እንስሳ ደግሞ አንጀቱም ስለሚሰንፍ አደጋው የባሰ ነው። እኛ ከመታጠቢያ ቤት እድሳት የተረፈ ሴራሚክ ነው ያነጠፍነው፤ ይጠረጋል፣ ይወለወላል፣ ጥፍሩንም ይሞርድለታል።

የምግቡን ነገር ለእናቴ ተውኩላት፤ ማን ያስቆማታል? ይህ እንሽላሊት ልጅ ሳለ በአብዛኛው ነፍሳት ይበላል፤ ሲያድግ ይገለበጥና አብዛኛው ምግቡ ቅጠል ይሆናል። ከቅጠል ሁሉ ከሚመከሩት አንዱ ደግሞ እዚህ ኮላርድ ግሪን የሚሉት፣ እኛ በየሳምንቱ እየገዛን ጎመን የምንሠራበት ቅጠል ነው። ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ በብዙ ይበልጣል፣ ለአጥንት የሚፈለገው እሱ ነው። እናቴ ስትቀነጥስ ለጋውን ለባላምባራስ ትለያለች፤ ጥሬውን፣ ታጥቦ፣ አፉ በሚችለው ልክ ተከትፎ። የበሰለው፣ ዘይትና ሽንኩርት የነካው አይሰጥም። ዱባና ካሮት ጥቂት፣ ጥሬውን ተፍቆ። ቆስጣና ስፒናች አይዘወተሩም፤ ካልሲየሙን የሚያስር አሲድ አላቸው። አቮካዶ መርዝ ነው፤ ሰላጣ ደግሞ ውኃ ብቻ ነው።

ነፍሳቱ ጋ ስንደርስ ነው ጉድ የፈላው። መጀመሪያ ፌንጣ ገዛን። ካርቶኑ ከልጄ እጅ ወድቆ 50 ፌንጣ ፍሪጁ ሥር ገባ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌሊቱን ሲዘምሩ አደሩ። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አልሰማሁም፤ ባለቤቴ ግን ሰምታለች፣ እስካሁንም ታነሳዋለች። ከዚያ ሐኪሟ ዱቢያ የሚባል የደቡብ አሜሪካ በረሮ መከረችን፤ አይጮህም፣ ለስላሳ ዕቃ ግድግዳ ላይ መውጣት አይችልም፣ ሥጋው ብዙ ነው።

«በረሮ በገንዘብ ገዛህ?» አለችኝ እናቴ።

«አዎ።»

«ስንት?»

ዋጋውን ስነግራት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ በረሮ ለማጥፋት መድኃኒት ስትገዛ የኖረች ሴት ናት።

ነፍሳት ፎስፈረስ የሞላቸው፣ ካልሲየም የጎደላቸው ናቸው። ስለዚህ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከካልሲየም ዱቄት ጋር ነቅነቅ ተደርገው፣ ዱቄት የነካው ዳቦ መስለው ነው የሚቀርቡት። ከሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት የሚበልጥ ነፍሳት አይሰጥም፤ ያንቀዋል ወይም አንጀቱን ይዘጋዋል። ላደገ እንስሳ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። ይህን የሰማች እናቴ ወዲያው ሥርዓት ሠራች፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ በረሮ፣ ረቡዕና ዓርብ ጎመን ብቻ። እሑድና ሰኞም ጎመን ነው፣ እሷ ግን የምታነሳው ሁለቱን ቀን ነው። «ረቡዕና ዓርብ ይጾማል» ትላለች ለሚጠይቃት ሁሉ። ሐኪሟ ፕሮግራሙን አይታ ፍጹም ነው አለች፣ ምክንያቱን ሳንነግራት።

አንድ ነገር በጥብቅ ላስጠንቅቅ። እዚህ በበጋ ምሽት ግቢው ላይ ጭራቸው ብልጭ ድርግም የሚል ጢንዚዛዎች ይወጣሉ፤ ልጆች በጠርሙስ ይለቅሟቸዋል። ትንሹ ልጄ አንዷን ይዞ «ለባላምባራስ አመጣሁለት» ብሎ ሲሮጥ በር ላይ ነው የያዝኩት። እነዚህ ጢንዚዛዎች ልብ የሚያቆም መርዝ አላቸው፤ አንዷ ብቻ ይህን የሚያክል እንሽላሊት ልትገድል ትችላለች። እሱ መርዛማ መሆኗን አያውቅም፣ በአገሩ የላትምና። ከግቢ የተለቀመ ነፍሳት ጨርሶ አይሰጥ፤ ፀረ ተባይ የተረጨበትም ሊሆን ይችላል።

ንጽሕናውን በተመለከተ ቤታችን ጤና ጣቢያ ሆኗል። እንሽላሊቶች ጤነኛ ሆነው ሳለ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ በአንጀታቸው ይይዛሉ። ከ2012 እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ከነዚሁ ባለ ጢሞች ጋር የተያያዘ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ተከስቶ ብዙ ሕፃናት ታመውበታል። ሲዲሲ የሚባለው የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑና በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች እንዳይነኩት ይመክራል። እናቴ ራሷ 65ን ያለፈች ናት፤ ይህን ስነግራት «እኔ እጄን መታጠብ ካንተ አልማርም» አለች፣ ግን ከዚያ በኋላ ቅርጫቱን እንጂ እሱን አልነካችም። የነካ ሁሉ በሳሙና ይታጠባል። ሳህኑ ወጥ ቤት ገንዳ ውስጥ አይታጠብም፤ የራሱ ባልዲ አለው። መሳም የሚባል ነገር የለም፤ ልጄ በዚህ ተከፍታለች።

ጠባዩን ስትለምዱት ብዙ ይናገራል። አናቱ ላይ፣ በሁለቱ ዓይኖች መሃል ወደ ኋላ፣ ነጥብ የምታህል ሦስተኛ ዓይን አለችው። ምስል አታይም፤ ብርሃንና ጥላ ትለያለች። እጃችሁን ከላይ ስታወርዱበት ጭልፊት የመጣበት ይመስለዋል፤ ከጎን፣ ዝቅ ብላችሁ፣ ከሆዱ ሥር ደግፋችሁ አንሡት። ሞቆት ጉቶው ላይ አፉን ከፍቶ ሲቀመጥ ታሟል ብላችሁ አትደንግጡ፤ ትርፍ ሙቀቱን እያስወጣ ነው። አንዳንዴ ደግሞ አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ በዝግታ ያወዛውዛል። ልጆቼ «እጅ ነሳን» ይላሉ። እውነቱ እጅ መስጠት ነው፤ «አንተ ትበልጣለህ፣ አትንካኝ» ማለቱ ነው። ብቻውን ነው መኖር የሚፈልገው። ጓደኛ እናምጣለት ብላ ልጄ ለምናኝ ነበር፤ ሁለት አንድ ላይ ካደሩ አንዱ ፀሐዩን ይይዛል፣ ሌላው ጥላ ውስጥ ከስቶ ይሞታል፤ ወይም ጅራት ይበጣጠሳሉ። የዚህ ዘር ጅራት ደግሞ ከተቆረጠ አይመለስም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ድንገት መብላት አቆመ። ጥግ ገብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀን ከሌት ተኛ። እኔ ሊሞት ነው ብዬ ሳልተኛ ዋልኩ። ሐኪሟ ሰገራውን መርምራ ጥገኛ ትል እንደሌለው ካረጋገጠች በኋላ፣ ያደጉ ባለ ጢሞች ክረምት ሲገባ እንዲህ እንደሚያንቀላፉ ነገረችን፤ መብራቱን ወደ 10 ሰዓት ማሳጠር፣ ውኃ ማቅረብ፣ በየሳምንቱ መመዘን ብቻ። ለዚህ ብለን በገዛነው ሚዛን 310 ግራም ነበር፤ ሰባት ሳምንት ተኝቶ 12 ግራም ብቻ ነው የቀነሰው። እናቴ ግን ከእኔ ቀድማ ተረጋግታ ነበር። «የነቢያትን ጾም ያዘ» አለች። እውነትም ለገና አልነቃም እንጂ ለጥምቀት ነቅቶ፣ ጉቶው ላይ ወጥቶ፣ ጎመን ጠየቀ።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ አንባቢዎች የምታውቁት ሌላ እንሽላሊት አለ፤ ዓረቦች ድብ የሚሉት፣ ጅራቱ እንደ እሾህ ዱላ የሆነው። እሱም የበረሃ ነው፤ ያደገው ከሞላ ጎደል ቅጠልና ዘር ብቻ ይበላል፣ ፀሐይ መሞቂያው ደግሞ ከባላምባራስ ድንጋይ ይበልጥ መጋል አለበት፣ ወደ 50 ዲግሪ። የነዚህ እንሽላሊቶች ወገን በሙሉ ዓለም አቀፍ ንግዱ በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ከዱር ተይዞ ገበያ የወጣውን አዝናችሁለት አትግዙ፤ አንዱን ስትገዙ ሻጩ ነገ ሁለት ይይዛል።

ወጪውን ለሚጠይቀኝ፣ «ነፃው» እንሽላሊት እስከ መስቀል ድረስ ከሐኪሙ ጋር 700 ዶላር አልፏል። በየወሩ ደግሞ ኤሌክትሪኩ፣ ነፍሳቱ፣ ጎመኑ አለ፤ ጎመኑስ እኛም እንበላዋለን። ከ10 እስከ 15 ዓመት ሊኖር ይችላል። ልጄ አሁን 13 ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ስትገባ ማን ዘንድ እንደሚቀር የታወቀ ነው። ይህን ሳያሰሉ ለልደት ስጦታ የሚገዙ ወላጆች ይቆጩኛል። አጥንቱ አሁን ጠንክሯል፤ መንጋጋው እንደ ጎማ አይጎብጥም፣ እግሩም አይንቀጠቀጥም። ጀርባው ላይ ያለችው መጣመም ግን ቀርታለች፤ አጥንት በጎበጠበት ከጠነከረ አይቀናም።

እናቴ የካቲት ላይ ወደ ደሴ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ይህ ሁለተኛው እንቁጣጣሽ ነው። ዘንድሮ ከሌሊት ሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩ ጮኸ።

«እንኳን አደረሰህ። ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ እማዬ። እንኳን አብሮ አደረሰን።»

«አምፖሉን ቀየራችሁ?»

«ቀይረናል» አልኩ። አዲሱ አምፖል ከተገዛ ሳምንት ሆኖታል፤ ከነካርቶኑ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ቁልፉን ፈልጌ ወደ መኪና ማቆሚያው ወረድኩ።